የስኮትላንድ ሾርትብሬድ፦ በቆርቆሮ ወይስ በካርቶን?

ከስኮትላንድ ስትመለሱ ሾርትብሬድ የሚባለውን የቅቤ ብስኩት ልትይዙ ነው? እ.ኤ.አ. በ1898 የተጀመረው ዎከርስ የሚባለው የሾርትብሬድ ብራንድ በቆርቆሮም በካርቶንም ታሽጎ ይሸጣል። መሠረቱ ያው ዱቄት፣ ቅቤና ስኳር ነው።

ዋጋ፦ ካርቶኑ ይረክሳል። ቆርቆሮው ላይ ለጣሳውም ነው የምትከፍሉት።

ስብራት፦ ትልቁ ልዩነት እዚህ ጋ ነው። ቅቤው ስለሚበዛ ብስኩቱ በቀላሉ ይፈረፈራል፤ ሻንጣ ውስጥ ካርቶኑ ላይ ጫማ ከተጫነበት አለቀለት፣ ቆርቆሮው ግን ይችለዋል። ስለዚህ ካርቶን ከያዛችሁ እባካችሁ በእጅ ቦርሳ አድርጉት።

ክብደት፦ ቆርቆሮው ይከብዳል፣ ቦታም ይፈጃል።

ለመሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ እንዲዳረስ ከሆነ ካርቶን በቂ ነው። ለእናታችሁ ወይ በጣም ለምትወዱት ሰው ከሆነ ግን ቆርቆሮውን ግዙ፤ ብስኩቱ ቢያልቅም ያ የሚያምር ጣሳ ለሻይ ቅጠል ማስቀመጫ ይሆናል።