ባሕር ዳር ላይ አሮጌ የሞዴል መኪና ሞተር አስጠገንኩ፦ ስለ አገልግሎቱ

እንደ እኔ የድሮ ባለሞተር የሞዴል እሽቅድምድም መኪና የምትሰበስቡ ካላችሁ፣ አገር ቤት ስትመጡ የተበላሸውን ይዛችሁ ኑ። ነዳጅ ግን አትያዙ፤ ነዳጃቸው ውስጥ ያለው ሜታኖል (ተቀጣጣይ አልኮል) አውሮፕላን ላይ አይገባም።

የእኔው ማኮይ 60 ነው፤ 10 ሲሲ የአሜሪካ ሞተር። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1940ዎቹ እነዚህ መኪኖች መሐል ላይ በቆመ ምሰሶ በሽቦ ታስረው እየዞሩ በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጡ ነበር። የኔው ፒስተን ግን ሲሊንደሩ ውስጥ ድርቅ ብሏል፤ አንዱ የቴስታታ (የሲሊንደሩ ክዳን) ብሎንም ጥርሱ ተበልቷል።

የወሰድኩት አንዲት ጠባብ ቶርኖ ቤት (ብረት እያሽከረከረ የሚቆርጥ ማሽን ያለበት) ነው። ባለሙያው ጋሼ ሞተሩን አሸተቱና «ይሄ ዝገት አይደለም፣ ጉሎ ነው። እናቴ ምጣድ የምታስስበት» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ነዳጁ ውስጥ የሚገባው የጉሎ ዘይት ዓመታት ሲቆይ እንደ ሙጫ ይደርቃል። መዶሻ ያነሳ ሰው ቢየላውን (ፒስተኑ የተያያዘበትን ዘንግ) አጣሞ ያስቀምጠዋል። እሳቸው ቀስ አድርገው አሞቁት፣ ነጭ ጋዝ አጠጥተው አሳደሩት፤ በማግስቱ በእጅ ዞረ።

ብሎኑ ነበር የከበደው። የአሜሪካው ጥርስ በኢንች ነው፤ ገበያ ላይ ያለው በሚሊሜትር። የቶርኖውን ማርሾች ቀያይረው አዲስ ቆረጡልኝ። ስሌቱን የተማሩት በ1955 ዓ.ም. በሶቪየቶች እርዳታ በተከፈተው ፖሊ ቴክኒክ ነው። ዋጋውን ቀድመው ነገሩኝ፣ ሲጨርሱም ሳንቲም አልጨመሩም። መብራት ሄዶ ሥራው ቢጓተት እሳቸው ምን ያድርጉ!

ቀለም ቤቱን ግን አልመክርም። ስሙን አልጠራም። የመኪናውን አካል ያስገባሁት አንዲት ጭረት ብቻ እንዲያጸዱ ነበር፤ ስመለስ «አዲስ አስመሰልነው» ብለው ጠበቁኝ። የፋብሪካውን ቀለም እስከ ብረቱ ፍቀውታል! ሰብሳቢ ዘንድ የተቧጨረ የፋብሪካ ቀለም ከሚያብለጨልጭ አዲስ ይበልጣል፤ ይህን በቃል መንገር አይበቃም፣ ጽፋችሁ አስፈርሙ።

ባጃጅ እንደ ልብ ነው፤ ዋጋ ሳትሳፈሩ ተነጋገሩ። ሥራው እስኪያልቅ ጣና ዳር አሳ ጥብስ መብላት ይቻላል፣ ከትልልቆቹ ሆቴሎች ውጭ ዋጋውም ደህና ነው።

ለመመለስ ስትነሱ ሞተሩን በደንብ አጥባችሁ አድርቁት፤ የነዳጅ ሽታ ከቀረበት አየር መንገዱ ላይቀበለው ይችላል። ለፈታሹም የልጅ መጫወቻ ነው አትበሉ፤ ክብደቱ ያጋልጣችኋል።