ለጡረታ ወርቅ፦ በእጅ ይያዝ ወይስ በፈንድ?

ደመወዛችሁ በብር ከሆነ በእጅ የሚያዝ ወርቅ ግዙ። ፈንዱ፣ ማለትም ወርቅ ገዝቶ በካዝና እያስቀመጠ በዚያ ላይ አክሲዮን የሚሸጠው፣ የሚያዋጣው ውጭ አገር በዶላር ለሚከፈለው ሰው ነው። ወርቅ ስል ግን ከነፈርጡ የሚያብለጨልጨውን ሀብል ማለቴ አይደለም፤ ለጡረታ የሚሆነው ፈርጥም ጌጥም የሌለው፣ ወፍራም የ21 ካራት አምባር ነው።

ፒያሳ ወርቅ ቤት ከመግባታችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ ይህችን ሂሳብ ሥሩ። የአንድ አውንስ የዓለም ዋጋ በዶላር ለ31.1 ይካፈል፣ በዕለቱ የባንክ ምንዛሪ ይባዛ፤ የ24 ካራት አንድ ግራም ዋጋ ይወጣል። ለ21 ካራት በ0.875፣ ለ18 ደግሞ በ0.75 አባዙት። ሱቁ ከዚህ በላይ የጠየቃችሁ የእጅ ዋጋና ትርፍ ነው፤ ስትሸጡ አይመለስም። ስትገዙ 10 በመቶ ጨምራችሁ፣ ስትሸጡ 5 በመቶ ከተቀነሰባችሁ፣ ወርቁ 16 በመቶ ገደማ ካልጨመረ ዋናው ገንዘብ እንኳ አይመለስም። ፈርጥ ሲሸጥላችሁ ከወርቁ ጋር ይመዘናል፣ ስትመልሱት ግን ተነቅሎ ይቀነሳል። የተበየደ ካቴናም እንዲሁ ነው፤ ብየዳው ካራቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ሲቀልጥ ጉድለቱ ይጋለጣል።

ወርቁ ሐሰተኛ አለመሆኑን ለመለየት ማግኔት ብቻ ይዞ የሚሄድ ይሸወዳል፤ ነሐስና መዳብ በማግኔት አይሳቡም። እውነተኛ ካቴና ደግሞ መቆለፊያው ላይ ሊሳብ ይችላል፤ ውስጡ ያለችው ስፕሪንግ ብረት ናት። አሲድም ላዩን ብቻ ነው የሚያየው፣ ቅቡ ወፍራም ከሆነ ያልፋል። የሚሻለው ውኃ ነው። እስከ 0.01 ግራም በሚያነብ ሚዛን ላይ ውኃ የያዘ ብርጭቆ አስቀምጡና ዜሮ አድርጉት። ወርቁን በክር አንጠልጥላችሁ፣ ብርጭቆውን ሳይነካ አጥልቁት። 20 ግራም የሚመዝን ባለ 21 ካራት 1.16 ግራም አካባቢ፣ ባለ 18 ደግሞ 1.3 አካባቢ ያሳያል፤ ነሐስ ወደ 2.3 ይጠጋል። ውስጡ ባዶ የሆነ ጌጥ አየር ስለሚይዝ ያሳስታል፤ እሱን ለጡረታ ከመጀመሪያው አትግዙት።

«ከማዕድን ቦታ የመጣ፣ ርካሽ» ብሎ ጥፍጥፍ ወርቅ የሚያቀርብላችሁን ሰው አትስሙት። ያለ ፈቃድ ጥሬ ወርቅ መግዛት በሕግ ያስጠይቃል። መታለሉም ቀላል ነው፦ በ2000 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ራሱ ወደ ደቡብ አፍሪካ ከላከው ወርቅ ውስጥ በወርቅ የተለበጠ ብረት ተገኝቶ ተመልሷል። ውስጡ ቱንግስተን የሚባለው ከባድ ብረት ከሆነ ደግሞ ክብደቱ ከንጹሕ ወርቅ ጋር እኩል ሊባል ስለሚችል የውኃውን ፈተናም ያልፋል።

ወደ ፈንዱ እንምጣ። ኒውዮርክ የሚሸጠው ኤስፒዲአር ጎልድ ሼርስ በ2004 እ.ኤ.አ. ሲጀመር አንድ አክሲዮን የአውንስ አሥረኛ ነበር። በዓመት 0.40 በመቶ ለአስተዳደር ስለሚቆረጥ፣ በ20 ዓመት ከ100 ግራም ወደ 8 ግራም ገደማ ይበላል። ከእጅ ዋጋ ጋር ሲተያይ ይህ ውድ አይደለም፤ ሌባም፣ ቅብም የለበትም። የእኛ ችግር ሌላ ነው፦ ዶላሩን ከየት እናምጣ? «ወንድሜ አሜሪካ በስሙ ይግዛልኝ» የሚለው መፍትሔ አይደለም። ንብረቱ በሕግ የእሱ ነው፤ ቢፋታ ወይም ቢሞት እናንተ መጠየቂያ የላችሁም። ሲሸጥም ግብሩ በእሱ ስም ይመጣል፤ እዚያ እንዲህ ያለው ፈንድ እንደ ወርቅ ስለሚቆጠር የረጅም ጊዜ ትርፉ ግብር እስከ 28 በመቶ ሊደርስ ይችላል።

በቴሌግራም «የወርቅ ፈንድ፣ በየወሩ ቋሚ ትርፍ» የሚል ካያችሁ ዝጉት። ወርቅ ወለድ አይወልድም፣ እውነተኛ የወርቅ ፈንድም በየወሩ ቋሚ ትርፍ አይከፍልም።

አምባሩን ስትገዙ ደረሰኙ ላይ ግራሙ፣ ካራቱ፣ የእጅ ዋጋው ለብቻው፣ የባለቤቱ ስምና ስልክ ይጻፍ። በ2016ቱ የፒያሳ ፈረሳ ብዙ ሱቅ ቦታ ለቋል፤ የሱቁ አድራሻ ብቻ ያለበት ደረሰኝ ከ15 ዓመት በኋላ ሻጩን አያገኝላችሁም። የደረሰኙን ፎቶ ለምታምኑት አንድ ሰው ላኩ፤ ወርቁና ደረሰኙ አንድ መሳቢያ ውስጥ አይቀመጡ።