«ለማንኛውም ፈረስ ይሆናል» የተባለልኝ ኮርቻ

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ ግልቢያ የምማርባት ዳማ ፈረስ ጀርባ ላይ ያየሁት የመዳፍ ያህል ደረቅ ቦታ ነው። ኮርቻውን ከገዛሁ ወራት አልፈዋል። ከዚያ ቀን በፊት ብጠየቅ ኖሮ አመስግኜ አልጠግብም ነበር። አሁን ግን ሻጩን ባገኘው ደስ ይለኛል፤ ለሰላምታ አይደለም።

ዕቃው ያገለገለ የእንግሊዝ አይነት ኮርቻ ነው፤ ቡናማ ቆዳ፣ መቀመጫው 17 ኢንች፣ የሆድ ማሰሪያው፣ እርካቡና የእርካቡ ጠፍር አብረውት የመጡ። አዲስ አበባ ካለ ሻጭ ጋር በስልክ ተስማምተን በአውቶቡስ ተጭኖ ደሴ ገባ። ግልቢያ የምማረው ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ነው። (ቦሩ ሜዳ ሲባል ሰው ሁሉ የ1870ውን የሃይማኖት ጉባኤ ያነሳል፤ እኔ ደግሞ ሜዳው ለፈረስ የተመቸ መሆኑን ነው የማነሳው።) ከደሴ ፒያሳ ኮርቻዬን ታቅፌ ታክሲ ስሳፈር ረዳቱ «ፈረሱስ?» እያለ ተሳፋሪውን ያስቃል። ይሳቅ፣ ክብደቱ አሥር ኪሎ አይሞላም። ያንን የአሜሪካ ከብት ጠባቂዎች የሚጠቀሙበትን ከፊቱ ቀንድ ያለውን ኮርቻ ቢሆን ኖሮ የገዛሁት ወገቤ ይቆረጥ ነበር።

የራሴን ኮርቻ መግዛት ለምን አስፈለገኝ? አስተማሪያችን አያ የሚጭኑት የአገር ቤት ኮርቻ ነው፤ ከፊትም ከኋላም ከፍ ያለ፣ በቆዳ የተለበጠ እንጨት። ለእሳቸው ወንበር ነው። እኔን ግን ሶምሶማ ላይ ብድግ ቁጭ ስል የኋላው እንጨት ወገቤን ይነርተኛል። እርካቡም ጠባብ ነው። ድሮ የአገራችን ፈረሰኛ በባዶ እግሩ አውራ ጣቱን ብቻ በቀለበት ውስጥ ሰክቶ ነበር የሚጋልበው፤ የአያ እርካብ ከዚያ ብዙም አልራቀም። በጫማ ስገባበት ይይዘኛል፤ ወድቆ እግሩ እርካብ ውስጥ የቀረ ሰው ምን እንደሚሆን ደግሞ መንገር አያስፈልግም።

የእኔ ኮርቻ መቀመጫው ምቹ ነው፣ ጉልበቴ ቦታውን ያውቃል፣ ቆዳው የደሴን ክረምት ችሏል። ሻጋታ ሲያወጣ በግሊሰሪን ሳሙና እጠርገውና ጥላ ውስጥ አደርቀዋለሁ፤ እሳት ዳር የደረቀ ቆዳ ይሰነጠቃል። በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም።

ነገሩ የመጣው ፈረስ ሲቀየር ነው። መጀመሪያ የሰጡኝ መጋላ ፈረስ ጀርባው ሰፊ፣ ድልድል ያለ ስለነበር ኮርቻው ተመችቶት ከረመ። አያ ግን ተማሪ አንድ ፈረስ ላይ እንዲለምድ አይፈልጉም፤ መጋላውም ማረፍ አለበት። ስለዚህ ወደ ዳማዋ አዛወሩኝ። ዳማዋ ጠባብ ናት፣ ከአንገቷ ግርጌ ያለው ጉብታም ሹል ነው። ከትምህርት በኋላ ኮርቻውን ሳነሳው ጀርባዋ በላብ ርሶ ጉብታው አጠገብ ግን በግራና በቀኝ ደረቅ ቦታ አለ። አያ ጣታቸውን እዚያ ላይ ጫን ሲያደርጉ ዳማዋ ጆሮዋን ወደ ኋላ አጠፈች፤ ቆዳዋም ተርገፈገፈ። ጠጉሩ ገና አልተላጠም፣ ግን የገጣባ፣ ማለትም የኮርቻ ቁስል፣ መጀመሪያ ይኸው ነው፤ ግፊቱ ሲጠና ላብ እንኳ አይወጣም። ኮምቦልቻ ውስጥ የጋሪ ፈረስ ያየ ሰው በፈረሱ ጀርባ ላይ ነጭ ጠጉር ነጠብጣብ ሳያይ አይቀርም። ቁስል ከዳነ በኋላ ቀለሙን ያጣ ጠጉር ነው የሚበቅለው፤ ያም ብዙውን ጊዜ አይመለስም።

«ኮርቻው ላንቺ ነው የተገዛው፤ ለሷስ ማን ገዛላት?» አሉኝ አያ።

ከዚያ ወዲያ እንደገና ጭነን ተቀመጥኩበትና ጣቴን ከኮርቻው ፊት ስር ለማስገባት ሞከርኩ። ሰው ተቀምጦበት ሳለ ከጉብታው በላይ ሁለት ወይም ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት መኖር አለበት። ዳማዋ ላይ የእኔ ቀጭን ጣት አንዱም አልገባም። የኮርቻው የፊት ቅስት ለትልቅ ፈረስ የተሠራ ሰፊ ስለሆነ ከትከሻዋ ኋላ ሳይቀመጥ ተንሸራቶ ጉብታው ላይ ይወድቃል። የአገራችን ፈረስ ደግሞ አብዛኛው ትንሽ ነው፤ ፈረንጅ የለካበት ፈረስ አይደለም።

አሁን ወደ ሻጩ ልመለስ። ስፋቱን ጠይቄው ነበር። «እህቴ፣ ለማንኛውም ፈረስ ይሆናል» ነው ያለኝ። ስደውልለት ደግሞ መፍትሔው ዝግጁ ነበር፦ «ብርድ ልብስ ደርቢበት»። ደረብኩበት። ኮርቻው ከፍ አለ፣ አብሮም መወዛወዝ ጀመረ፤ እንዳይዞር የሆድ ማሰሪያውን አጠበቅን፤ ሲጠብቅ ዳማዋ ሆዷን ነፋች፤ ጥቂት ስትራመድ ተንፍሳ እንደገና ላላ። ወንድሜ፣ ሰፊ ጫማ በጨርቅ ተጠቅጥቆ ሜዳ ይኬድበታል፤ ጦሳ ተራራን ግን አይወረድበትም። ብርድ ልብስ መቧጨርን ያለዝብ ይሆናል፣ የእንጨትና የብረት ቅስት ግን አያጠብም። ደግሞ «የፈረንጅ ኮርቻ ነው» እያልክ ታኮራኛለህ። የወሎ ፈረሰኛ በ1888 ከራስ ሚካኤል ጋር አድዋ ድረስ የዘመተው በምን ኮርቻ ይመስልሃል?

ለመግዛት የምታስቡ ሁሉ ግን ሻጩን አትጠይቁ፤ ሽቦ ይዛችሁ ሂዱ። የምትማሩበትን ፈረስ ትከሻ አጥንት በእጃችሁ ፈልጉ፣ ከሱ ኋላ ጥቂት ጣት ርቃችሁ ወፍራም የመብራት ሽቦ ጀርባው ላይ አጥፉ፣ ቅርጹን ሳይበላሽ ካርቶን ላይ አሳርፋችሁ በእስክሪብቶ ዙሩት። ያንን ካርቶን ቆርጣችሁ ኮርቻው ፊት ስር ብታስገቡ እውነቱን ይነግራችኋል። እኔም ለዳማዋና ለመጋላው ሠርቼ አየሁት፤ ሁለቱ ካርቶኖች የአንድ እንስሳ ዘር አይመስሉም። ሦስተኛው ፈረስ ሲመጣ ሦስተኛ ኮርቻ ልገዛ ነው? ትምህርት ላይ ያለ ሰው ዛሬ በዚህ ነገ በዚያ ነው የሚቀመጠው። የአያ ኮርቻዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ፈረስ አላቸው፤ አንዱን ለሌላው ሲጭኑ አላየሁም። የራስ ኮርቻ የሚያዋጣው የራስ ፈረስ ላለው ነው።

ታዲያ ብሬን በከንቱ አፈሰስኩ ወይ? ሰሞኑን ተናድጄ አዎ እል ነበር። እንዲያውም ለጓደኞቼ ሁሉ ስልክ ደውዬ ሻጩን አምቼዋለሁ። ግን ያልጠበቅኩት ነገር ተገኘ። የእንግሊዝ ኮርቻ እርካብ ከነጠፍሩ ይወልቃል፤ የተንጠለጠለበት ብረት መጨረሻው ክፍት ስለሆነ ወደ ኋላ ሲሳብ ይንሸራተታል። አያ ይህን አይተው ዝም አሉ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ስመጣ የዳማዋ እንጨት ኮርቻ ላይ ለእርካቤ ጠፍር ማሰሪያ ሠርተውለት ጠበቁኝ። እርካቡ ሰፊ ነው፤ ጫማዬ ገብቶ በግራም በቀኝም ጣት የሚያህል ትርፍ አለው፣ ስወጣም አይዘኝም። ቁመቱን ክንዴን ዘርግቼ፣ ጣቶቼን ጠፍሩ መጀመሪያ ላይ አድርጌ እርካቡን ብብቴ ስር በማድረስ ለካሁት። ሶምሶማ ላይ አሁን ብድግ ስል እርካቡ ላይ ስለምቆም የኋላውን እንጨት አልነካውም። ዳማዋም ጆሮዋን አታጥፍም፤ ጀርባዋን ሳራግፍ ላቧ እኩል ነው።

አያ ራሳቸው እርካቡን እያገላበጡ አይተው «ይኼስ ደህና ነው» አሉ፤ ከአያ አፍ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ኮርቻውን የሚፈልግ ካለ ፈረሱን ይዞ ይምጣ፤ ባዶ ጀርባው ላይ ለክተን በዋጋው እንነጋገራለን። እርካቡ ግን አይሸጥም።