አፍሬዛ፦ በአፍ የሚሳበው ኢንሱሊን ከመርፌ ያገላግላል?

መልሱን ላስቀድም። የምግብ ሰዓቱን መርፌ ያስቀራል፣ ሌላውን አያስቀርም። ታይፕ 1 ስኳር ያለበት ሰው ቀኑን ሙሉ የሚሠራውን ኢንሱሊን መወጋቱን ይቀጥላል። ይህን ሳያውቁ የሚጓጉ ስላሉ ነው በዚህ የጀመርኩት።

ዕቃዋ ደስ ትላለች። ፊሽካ ታክላለች፣ መዳፍ ውስጥ ትደበቃለች። ኢንሱሊኑ ዱቄት ሆኖ በትንንሽ ካርትሪጅ ይመጣል፤ ሰማያዊው 4 ዩኒት፣ አረንጓዴው 8፣ ቢጫው 12። ታስገባላችሁ፣ ትዘጋላችሁ፣ ትንፋሻችሁን አውጥታችሁ ትስባላችሁ፣ ትንሽ ይዛችሁ ትለቃላችሁ። አለቀ። ካርትሪጁ ከገባ በኋላ ግን አግድም ያዟት፤ ከተገለበጠች ወይም ከወደቀች ዱቄቱ ሊፈስ ስለሚችል ያንን ጥሎ አዲስ መክፈት ነው።

እኔ የወደድኩላት ድግስ ላይ ነው። እኛ ቤት ስንት እንጀራ እንደሚበላ ቀድሞ የሚያውቅ የለም፤ በቃኝ ስትል «በሞቴ» ይሉሃል፣ ጉርሻው ይከተላል፣ እና ከግማሽ ሰዓት በፊት አስልተህ የወጋኸው ኢንሱሊን ከምን ይደርሳል? ይቺ ግን በ12 ደቂቃ ገደማ መሥራት ስለምትጀምር ትሪው ሲቀርብ መሳብ ይበቃል። ሽንት ቤት ገብቶ ሆድ መግለጥ ቀረ።

ፍጥነቷ ግን ጣጣም አለው። ሰማያዊው ሥራው በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ያበቃል። ጮማ ወይም ቅቤ የበዛበት ክትፎ ከበላችሁ ምግቡ ገና ሳይፈጭ መድኃኒቱ ያልቅና ስኳሩ ዘግይቶ ይወጣል። ደግሞ በ4 በ4 ስለሆነ የምትሄደው፣ 5 ወይም 6 ዩኒት ለለመደ ሰው ልኩ አይገኝም።

ሳሉን ልመዱት፣ ብዙ ሰው ላይ አለ። ቀልድ የሌለው ሳንባው ነው። አስም ወይም ሲኦፒዲ (ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ) ያለበት ሰው ጨርሶ አይነካትም፣ ለሚያጨስም አይመከርም። ከመጀመራችሁ በፊት የሳንባ ምርመራ አለ፣ ከ6 ወር በኋላ ይደገማል፣ ከዚያ በየዓመቱ። ሐኪማችሁ ይህን ሳያነሳ ካዘዘላችሁ ራሳችሁ ጠይቁ።

ፋይዘር በ2006 ያመጣው ኤግዙቤራም የሚሳብ ነበር፣ መሣሪያው ግዙፍ፣ በ2007 ከገበያ ወጣ። አፍሬዛ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደችው በ2014 ነው፣ እስካሁንም አለች። ዋጋዋ ግን ያማል፤ ኢንሹራንሳችሁ ይሸፍን እንደሆነ ሳታጣሩ ፋርማሲ አትሂዱ።

ችግራችሁ ድግስ ሳይሆን የመርፌ ፍርሃት ከሆነ፣ በእኔ አስተያየት አይ-ፖርት ይሻላችኋል። ሆድ ላይ የሚለጠፍ ትንሽ ነገር ነው፤ ሲለጠፍ አንዴ ይወጋል፣ ከዚያ እስከ 3 ቀን ድረስ ቆዳችሁን ሳይሆን እሱን ነው የምትወጉት። ረጅም ጊዜ የሚሠራውም አጭር ጊዜ የሚሠራውም ኢንሱሊን በዚያው ይገባል፣ በተለያየ ሰዓት እስከሆነ ድረስ።

ለክረምት አዲስ አበባ የምትሄዱ፣ ያልተከፈተው የአፍሬዛ ጥቅል ከፍሪጅ ውጭ የሚቆየው 10 ቀን ብቻ ነው፣ የተከፈተው 3 ቀን። መብራት ሊሄድ ይችላል፣ የኢንሱሊን ፔናችሁንም (እንደ እስክሪብቶ ያለውን መርፌ) ያዙ።