እናቴን ከነድመቶቿ ላሻገረልን ልጅ

ይህን ምስጋና መጻፍ የነበረብኝ ከረጅም ጊዜ በፊት ነው። ስንፍና አይደለም ያዘገየኝ። ድመቶቹ የእውነት መልመዳቸውን ሳላይ አፌን መክፈት ፈርቼ ነው። አሁን ለመዱ። ሦስቱም። ባለፈው እሁድ ሄጄ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ትልቁ የእህቴ ቤት ጣራ ላይ ተንጋሎ ፀሐይ ሲሞቅ ነበር፣ ኪራይ የሚከፍል ይመስል።

ያደግነው ካዛንቺስ ነው። በ2017 መጀመሪያ ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ የእናቴም ግቢ አብሮ ተነሳ። ስለሱ ዛሬ አላወራም፣ ከጀመርኩ አላቆምም። ብቻ እናቴ ጣፎ እህቴ ጋ እንድትገባ ተስማማን። ዕቃ ተለቀመ፣ አልጋ ተፈታ፣ ቁምሳጥን ተወለወለ። ሁሉም ካለቀ በኋላ እናቴ ዱካዋ ላይ ቁጭ ብላ «ልጆቹስ?» አለች።

ልጆቹ የምትላቸው አራት ድመቶች ናቸው።

የቤት ድመት እንዳይመስሏችሁ። የግቢ ናቸው። ቀን ጣራ ላይ፣ ማታ ማድቤት እንጨቱ ሥር። ጠዋትና ማታ እናቴ ሳህን በማንኪያ ስትመታ ከየአጥሩ ይወርዳሉ። ከእሷ በቀር ማንም አይነካቸውም። እኔ ያደግኩበት ግቢ ውስጥ እንኳን እንደ እንግዳ ነው የሚያዩኝ።

ነገሩ የአባቴ ጦስ ነው። ነፍሱን ይማረውና፣ አይጥ የጤፉን ጆንያ በስታ እናቴ ስታማርር ሰምቶ አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ በኮቱ ኪስ አንዲት ግልገል ድመት ይዞ መጣ። ያሁኖቹ የእሷ የልጅ ልጅ ልጆች ናቸው። በየማታው ስጋ ቤት ጎራ ብሎ ሳንባ ይገዛላቸው ነበር። በሁዳዴ ስጋ ቤቱ ሲዘጋ ከየት እንደሚያመጣ እግዜር ይወቅ፣ ግን ያመጣል። ሲሞት ሥራውን እናቴ ወረሰችው። ስለዚህ «ድመት አይደል እንዴ፣ ጥላችሁት ሂዱ» የሚለኝን ሰው መልስ አልሰጠውም። ብዙ ሰው ብሎኛል።

አሁን ወደ መራራው ልግባ። ስም አልጠራም።

መጀመሪያ አንድ የእንስሳት ሕክምና ጋ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ «ዝርያዋ ምንድን ነው?» አለችኝ። የግቢ ድመት ናት ስላት፣ ስልኩን እንኳን ሳትሸፍን፣ አጠገቧ ላለው ሰው «የመንገድ ድመት በመኪና ይሂድልኝ ትላለች» ብላ ሳቀች። እኔም ዘጋሁት።

ሁለተኛው ዕቃ የሚያጓጉዝ ሰው ነው። «ድመት? ስንት በግ ያመላለስን ሰዎች!» አለን። ከመጀመሪያው ዙር ዕቃ ጋር ዳልቻን ሰጠነው። ከአራቱ ገራሙ እሱ ስለነበር። ካርቶን ውስጥ ከተተውና በፕላስተር ጠቀለለው። ጣፎ ሲደርስ ግቢው መሀል ካርቶኑን ቀድዶ «በል፣ ይኸው ቤትህ» አለው። ዳልቻ አንዴ ዞር ብሎ አየን። ከዚያ አጥሩን ዘለለ። ይኸው እስከዛሬ የለም። ድመት የለመደበት ይመለሳል ሲሉ ስለሰማሁ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ካዛንቺስ እየሄድኩ ጣራ ጣራ ሳይ ከረምኩ። አልተመለሰም። ሰውየው «እኔ አድርሻለሁ» ብሎ ሂሳቡን አንድ ብር ሳያጎድል ተቀብሏል።

ሦስተኛውን ሳስብ አሁንም ደሜ ይፈላል። 1,500 ብር ቀብድ ወስዶ፣ በማግስቱ ማዳበሪያና ገመድ ይዞ ከአንድ ጎረምሳ ጋር መጣ። ቡላን እንጨቱ ሥር አጣብቀው ሊከቷት ሲታገሉ፣ እኔ ሞኟ ልገላግል ብዬ እጄን ሰደድኩ። አውራ ጣቴ ሥር ነከሰችኝ። ከዚያ ጣራ ላይ። እነሱም «ይቺ ሰይጣን ናት» ብለው ውልቅ። ማዳበሪያውን እንኳን ጥለውት ነው የሄዱት። የሰውየው ስልክ ከዚያን ቀን ጀምሮ ዝግ ነው። ማዳበሪያውን ግን አስታውሱልኝ፣ እመለስበታለሁ።

እናቴ የዚያን ማታ እህል አልቀመሰችም። «እናንተ ሂዱ፣ እኔ እዚሁ እሆናለሁ» አለች። የት ነው እዚሁ? ግንቡ በአንድ በኩል ፈርሷል።

እንግዲህ ልጁን ያገኘነው በዚህ መሀል ነው። የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ናት የጠቆመችኝ። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው፤ አብዛኛው ሥራው ላምና ዶሮ ነው። ስሜን በአደባባይ አትጻፊ ብሎ ስለለመነኝ ልጁ እያልኩ እቀጥላለሁ፣ ይቅር ይበለኝ።

ስደውልለት ስለ ዋጋ አላወራም። «ማታ የት ነው የሚተኙት? ስንት ሰዓት ይበላሉ? የሚያበላቸው ማነው?» አለ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እናቴ ናት ስለው «እንግዲያው የሚወስዷቸው እሳቸው ናቸው፣ እኔ አግዛለሁ» አለኝ። በስልክ አለቀስኩ ብል ታምኑኛላችሁ?

በማግስቱ መጣ። መጀመሪያ ያየው ድመቶቹን ሳይሆን አውራ ጣቴን ነው።

«ምን ሆነሽ ነው?»

ነገርኩት።

«መቼ?»

«ትናንትና።»

«በሳሙና ታጥበሽዋል?»

በአልኮል ጠረግ አድርጌዋለሁ ስለው ፊቱ ተለወጠ። እየመራ ቧንቧው ጋ ወሰደኝ፤ ሳሙና አስያዘኝና በስልኩ ሰዓት 15 ደቂቃ ቆጠረብኝ። 15 ደቂቃ እጅ መታጠብ ምን ያህል ረጅም እንደሆነ ሞክራችሁ እዩት። ከዚያ «ጤና ጣቢያ ደርሰሽ እስክትመለሺ ሥራ አልጀምርም» አለ። ድመትም የእብድ ውሻ በሽታ ልታስተላልፍ እንደምትችል እኔ የት አውቄ! ጤና ጣቢያ ስለ ክትባቱ ብዙ አስረዱኝ። የያዝኩት የቀጠሮ ቀኖቹን ብቻ ነው። ልጁም ቡላን የበሽታው ምልክት ይታይባት እንደሆነ 10 ቀን ነገሬ ብሎ እንደሚከታተላት ነገረኝ። ድመቶቹን ባያጓጉዝልን እንኳን ለዚህ ብቻ ይመሰገን ነበር።

ስመለስ ሦስት የሽቦ ሳጥኖች ማድቤቱ አጠገብ ተደርድረዋል። በሮቻቸው እንዳይዘጉ በገመድ ታስረዋል። «እማማ፣ ከዛሬ ጀምሮ ምግባቸውን እዚህ ውስጥ ያድርጉላቸው። በሰዓታቸው፣ ሳህኑን እየመቱ። ማንም እንዳይነካቸው» ብሏት ሄደ። ለአምስት ቀን! እኔ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ የዶዘሩ ድምፅ ደግሞ በየቀኑ እየቀረበ ነው። በሦስተኛው ቀን ግን ያቺ ሰይጣን የተባለችው ቡላ በገዛ እግሯ ሳጥን ውስጥ ገብታ ሳንባዋን ስታላምጥ አየኋት።

ጥቅምት 21፣ የማርያም ዕለት፣ ጠዋት ምግብ ተከለከሉ። መኪና ያስመልሳቸዋል፣ ርቧቸው ደግሞ ቶሎ ይገባሉ አለ። ማታ ሲሆን እናቴ ሳህኗን መታች። ቡላ ገባች፣ ቀጭ። ልጇ ቡሬ ተከተለች፣ ቀጭ። ወዲያው በአንሶላ ሸፈናቸው። ሲጨልምባቸው ዝም አሉ።

ውሮ ቀረ። ውሮ ሽማግሌው ነው፤ አንድ ጆሮው በጠብ የተተለተለ፣ በሕይወቱ ማንንም ያላመነ። በጥቅምት አንድ አጥንት ይባል የለ? አጥንቱ ከነሥጋው ቀረበለት። ከአጥሩ ላይ ቁልቁል ያየዋል እንጂ አይወርድም። 2 ሰዓት ሆነ። 3 ሰዓት ሆነ። ሾፌሩ ጥሩምባ ይነፋል። አሁን ሳስበው አፍራለሁ፣ ግን እኔ ራሴ «በቃ እሱ ይቅር» ብያለሁ።

ልጁ አልሰማኝም። ወይም እንዳልሰማ ሆነ። እናቴን «እማማ፣ የለበሱትን ነጠላ ይስጡኝ» አላት። ነጠላውን አጣጥፎ ሳጥኑ ውስጥ አነጠፈው። ከዚያ የፈረሰው ግንብ ድንጋይ ላይ ጀርባውን ለሳጥኑ ሰጥቶ ቁጭ አለ። ስልኩን አላወጣም። ዞሮ አላየም። ያ ብርድ አጥንት ይሰብራል፣ እሱ በስስ ሹራብ ነው። እናቴ ጋቢ ብታመጣለት በእጁ «ይቆይ» አላት፣ ድምፅ እንዳያሰማ። እኛ መኪናው ውስጥ ትንፋሻችንን ውጠን ቁጭ ብለናል። 4 ሰዓት ተኩል ላይ ቀጭ አለ።

መኪናው ሊነሳ ሲል «አንድ ነገር ቀርቶኛል» ብሎ ወረደ። ያንን ማዳበሪያ፣ ያ ሌባ ጥሎት የሄደውን፣ ከጥግ አነሳው። ከማድቤቱ ጀርባ ድመቶቹ ከሚቆፍሩበት አፈር በአካፋ ዝቆ ግማሽ ድረስ ሞላው።

«ደግሞ ይሄ ምን ሊሆን ነው?» አልኩት።

«ሽንት ቤታቸው ነዋ። እዚያ የራሳቸውን ሽታ ሲያገኙ ይረጋጋሉ።»

እናቴ ከመኪናው ወርዳ ማዳበሪያውን ዳበሰችው። እጇን ሰድዳ አንድ እፍኝ ዘገነች። የድመት ሽንት ቤት መሆኑንም ረስታዋለች። እኛን አራታችንን የወለደችው፣ አባቴንም የሸኘችው ከዚያ ግቢ ነው። «ልጄ፣ ለእኔም አመጣህልኝ» አለችው። ልጁ የሚለው ጠፍቶት ማዳበሪያውን ማሰር ቀጠለ። አንዱን ቋጠሮ ሦስት ጊዜ ሲያስረው አይቻለሁ።

ጣፎ ስንደርስ እህቴ ሰርቪሱን ባዶ አድርጋ ጠብቃናለች። አፈሩ በሳፋ ተደረገ፣ ነጠላው ጥግ ላይ ተነጠፈ፣ መስኮቱ በወንፊት ሽቦ ተመታ። «21 ቀን በር አይከፈትም። አሁን ከለቀቅናቸው ካዛንቺስን ፍለጋ ነው የሚሄዱት» አለ። እናቴ በጣቷ ቆጥራ «ከማርያም እስከ ሚካኤል ማለት ነዋ» አለችው። ከዚያ በኋላ ማንም ቀን አልተሳሳተም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ቡሬ ሌሊቱን ሙሉ ስትጮህ አደረች። እህቴ ልትከፍት ምንም አልቀራት። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ደወልኩለት። አነሳ! «እማማ ገብተው አጠገቧ ቁጭ ይበሉ፣ አይንኳት፣ ዝም ብለው ያውሯት» አለ። እናቴ ምን እንዳወራቻት አላውቅም። ዝም አለች።

ሚካኤል ደረሰ። በሩን ልንከፍት ስንል እሱ ራሱ ደወለ። «ዛሬ እንዳትከፍቱ፣ ኅዳር ሲታጠን ነው እኮ። ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ ያቃጥላል፤ በጭሱ ደንግጠው ከሸሹ አታገኟቸውም።» አዲስ አበባ ተወልጄ አድጌ፣ ከ1911ዱ የኅዳር በሽታ ወዲህ በየዓመቱ የሚታጠን ከተማ ውስጥ፣ ይህ ለእኔ አልታየኝም። እሱ ግን ስለ ሦስት የሰው ድመቶች አስቦ ደወለ። እውነትም ያን ቀን ማታ ጣፎ በጭስ ታፍኖ ዋለ አመሸ።

በማግስቱ ከእራት በፊት በራባቸው ሰዓት ተከፈተ። ቡላና ቡሬ ግድግዳ ግድግዳውን እያሸተቱ ወጡ። እናቴ ሳህኑን መታች። ተመለሱ። ውሮ ደጃፉ ላይ ቆሞ ሦስት ቀን አሰበበት።

ሂሳቡን ልንገራችሁ፦ ለሁሉም ነገር 4,000 ብር። ለዚያች ሌሊት ልጨምርልህ ብዬ ብለምነው አልተቀበለም። እናቴ ግን ዶሮ ሠርታ በሳህን ቋጥራ አስይዛዋለች፤ እሱን እምቢ ማለት አልቻለም።

ቤት የምትለቁ፣ ሰፈር የምትቀይሩ፣ የግቢ ድመት ያላችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ ይህን ልጅ ጥሩት። ካርቶንና ማዳበሪያ ይዞ የሚመጣ ሰው እንዳታስገቡ። ውሻም ያያል፣ ላምም ያክማል። ይህን ልጅ ጥሩት! ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቅዶልኛል።

ጣፎ ያላችሁ ደግሞ፣ ዳልቻ ቀለም ያለው፣ የጭራው ጫፍ ነጭ የሆነ ወንድ ድመት ካያችሁ አታባሩት። ሳህን በማንኪያ ምቱለት፣ ከቆመ እሱ ነው፤ ወዲያው ደውሉልኝ።