«እግር ያልገባበት» ቡት ገዝቼ በበረባሶ ተመለስኩ

ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬም ሆነ ባሕር ዳር ያላችሁ፣ እንደ እኔ ያገለገለ ዕቃ አገላብጦ መግዛት የምትወዱ ሁሉ፣ «የበጎ አድራጎት ባዛር» የሚል ባነር ካያችሁ እጃችሁን ወደ ኪሳችሁ ከመስደዳችሁ በፊት ይህችን አንብቡልኝ።

ባለፈው መስከረም መጨረሻ ደብረ ማርቆስ ውስጥ አዳራሽ ተከራይተው ያገለገሉ ልብሶችና ጫማዎች ከሚሸጡ ሰዎች አንድ ጥንድ ቡት በ3,200 ብር ገዛሁ። ቡቱ ሳይፈርስ እኔ ዘንድ የቆየው አሥራ አንድ ቀን ነው። እግሬ ላይ የቆየው ግን ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው። የሻጮቹን ስም አልጽፍም። ባነሩ ላይ የነበረው ስም በእርግጥ የእነርሱ መሆኑን ማረጋገጥ ስላልቻልኩ የሌላን ስም በከንቱ ማጥፋት አልፈልግም።

ለሰልባጅ እንግዳ አይደለሁም። ከተማሪነቴ ጀምሮ ለብሼዋለሁ፤ ዛሬ መምህር ሆኜም እለብሰዋለሁ። ቦንዳ የሚፈታበትን ጠዋት ጠብቄ ከክምሩ ሥር የሱፍ ኮት መዝዤ ያወጣሁበት ጊዜ ብዙ ነው። ኮት ሳነሳ መጀመሪያ የማየው ብብቱን፣ የኮሌታውን እጥፋትና ገበሩን ነው፤ ፊቱ የሻጩ ነውና። ሱፍ ነው ካሉኝ ከውስጥ ስፌቱ አንድ ክር መዝዤ ክብሪት እለኩስበታለሁ። ሱፍ እንደ ተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ አመዱም በጣት ሲፈጩት ይደቃል። ፕላስቲክ ከሆነ ቀልጦ እንደ ዶቃ ይደርቃል። ሻጮች ይህን ሳደርግ ፊታቸው ይጠቁራል፣ ዋጋው ግን ይወርዳል። ባለቤቴ «ከአንተ ጋር ገበያ መውጣት ያሳፍራል» ትላለች። እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ የተታለለው።

አዳራሹ ከለመድነው ሰልባጅ ተራ ጋር አይገናኝም። ልብሱ በመስቀያ ተሰቅሏል፤ ጫማው ጠረጴዛ ላይ ጥንድ ጥንዱን ተደርድሯል፤ መሬት ላይ የተዘረገፈ ነገር የለም። በሩ ላይ የሕፃናት ፎቶግራፍ ተለጥፎ ከሥሩ «ገቢው ወላጆቻቸውን ላጡ ሕፃናት ስለሆነ ዋጋ አይከራከሩ» ይላል። እኔን የጣለችኝ ይህች ጽሑፍ ናት። ጎጃሜ አንዲት ዶሮ ለመግዛት ሦስት ጊዜ ትቶ ሄዶ ሦስት ጊዜ የሚመለስ ሰው ነው። ግን ወላጅ ከሌለው ልጅ ጋር ዋጋ መከራከር ማን ይደፍራል? አፌን ዘጋሁ። አፍ ሲዘጋ ዓይንም አብሮ እንደሚዘጋ ያን ጊዜ አላሰብኩም። መከራከር ማለት እኮ «ይኼ ዚፑ ላልቷል፣ ይኼ ተረከዙ አልቋል» እያሉ ጉድለት መፈለግ ነው። የማልከራከርበትን ዕቃ ለምን ብዬ አገላብጠዋለሁ?

ቡቱ ቡናማ ነው፤ ቆዳው ወፍራም፣ ማሰሪያው ገና ከፋብሪካ እንደ ታሰረ።

«ጋሼ፣ እርሱ እግር አልገባበትም፤ ሶሉን ይዩት» አለችኝ ሻጯ።

አየሁት። እውነትም አፈር አልነካውም።

«ስንት ነው፣ እህቴ?»

«3,200። ለልጆቹ ነው።»

ከምላሱ ሥር የተሰፋችውን ትንሽ ጨርቅ ገለበጥኩ። ብዙ የስፖርትና የጉዞ ጫማዎች የተመረቱበትን ወርና ዓመት እዚያ ላይ ይጽፋሉ። «06/11» ይላል።

«የ2011 ሥሪት ነው፤ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ያውም ካርቶን ውስጥ» አለችኝ። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። የፈረንጅ ፋብሪካ በእኛ ዘመን አቆጣጠር እንደማይጽፍ የታወሰኝ ገንዘቡን ከፍዬ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው። የእነርሱ 2011 ስድስተኛ ወር የእኛ ግንቦትና ሰኔ 2003 ነው። የገዛሁት የአሥራ አራት ዓመት ጫማ ነበር። ቢሆንም «አልተለበሰ፣ ምን ይሆናል?» ብዬ ተኛሁ።

ጥቅምት ሲገባ ለዘመድ ተዝካር ወደ ስናን ወጣሁ። መኪናው ረቡዕ ገበያን አለፍ ብሎ አወረደን፤ ከዚያ ወደ ጮቄ በኩል በእግር ነው። መንገዱ ገና አልደረቀም። አንድ ሰዓት ያህል እንደ ሄድን ከኋላዬ የሚመጡ አንድ አጎቴ «አንተ ልጅ፣ ጫማህ እያራገፈ ነው» አሉኝ። ዘወር ብዬ አየሁ፤ በመጣሁበት መንገድ ላይ ጥቁር ፍርፋሪ ተበትኗል፣ እንደ ደረቀ ኩበት ስባሪ። የግራው ተረከዝ ሄዷል። ጥቂት ስንራመድ የቀኙ ሶል ከመሐል ለሁለት ተከፈለ። በመጨረሻ ላዩ ጫማ፣ ታቹ ካልሲ ሆኖ ተዝካር ቤት ደረስኩ። አጎቴ በረባሶ አዋሱኝ። ከመኪና ጎማ የተቆረጠ፣ ጎማው የራሱን አገልግሎት ጨርሶ የተጣለ፣ እርሳቸው ደግሞ ዓመታት የረገጡት ነው። ወደ ማርቆስ የተመለስኩት በእርሱ ነው፤ ምንም አልሆነም።

በማግሥቱ ቡቱን መናኸሪያ አጠገብ ላለ ጫማ ሰፊ ወሰድኩት። «ማስቲሽ ይበቃዋል?» አልኩት። ሶሉን በአውራ ጣቱ ጥፍር ጫን አለው፤ ጥፍሩ እንደ ቅቤ ገባ። «መምህር፣ ይኼ ምን ላይ ይለጠፋል?» አለኝ። ብዙዎቹ ቀላልና ወፍራም ሶሎች ውስጣቸው ፖሊዩሪቴን የሚባል ስፖንጅ መሰል ነገር ነው። ይህ ነገር ከአየሩ እርጥበት እየሳበ በዓመታት ውስጥ ከውስጥ ይፈርሳል። ለብሰነው አልለበስነውም አይለይም፤ ካርቶን ውስጥ የተቀመጠውንም አይምረውም። ከላይ ሲያዩት አዲስ ነው፤ ውስጡ ግን በቁሙ በስብሷል። ስለዚህ ሶሉ ላይ አንድ ጭረት የሌለው አሮጌ ቡት፣ ተረከዙ በልኩ ካለቀ ቡት የባሰ ሊሆን ይችላል። ያለቀው ቢያንስ ሰው ተራምዶበት እንደ ቻለ ይመሰክራል። ጫማ ስታነሱ የሶሉን ጎን በጥፍር ጫን በሉት፤ ጉድጓዱ ካልተመለሰ፣ ከተጣበቀ ወይም ዱቄት ካወጣ አስቀምጡት። ከዚያ በሁለት እጅ አጥፉት፤ ደቃቅ ስንጥቅ ያወጣል እንደሆነ እዩ። ከላይ እስከ ታች ድፍን ጎማ የሆነና በክር የተሰፋ ሶል ይሻላል።

ጫማ ሰፊው ሶሉን ሲገነጥል ከታች፣ የእግር ጎድጓዳ ቦታ ላይ አንዲት ትንሽ ወረቀት ተለጥፋ አሳየኝ። 2.99 ፓውንድ ትላለች፤ በባንክ ምንዛሬ ጥቂት መቶ ብር ናት። እዚህ ላይ ነገሩ ሁሉ ተገለጠልኝ። እንግሊዝ አገር በየከተማው የበጎ አድራጎት ሱቅ የሚባል አለ። ሰው የማይፈልገውን ልብስ፣ መጽሐፍና ሳህን በነጻ ይሰጣል፤ ብዙዎቹ ሻጮች ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ ናቸው፤ ትርፉ ለድርጅቱ ሥራ ይውላል። የገባው ሁሉ በዋጋ ተማኝ እጅ ያልፋል። ሳምንታት ተደርድሮ ገዢ ያጣው ከመደርደሪያው ይወርድና ለጨርቅ ነጋዴ በኪሎ ይሸጣል፤ ተለይቶ፣ ታስሮ፣ ቦንዳ ሆኖ ባሕር ይሻገራል። እኛ አገር ልባሽ ጨርቅ ማስገባት የተከለከለ ቢሆንም እንዴት እንደሚገባ ሳንጠይቅ ስንለብስ ኖረናል፤ እኔም ከዚህ ነጻ አይደለሁም። የወረቀቷ ነገር ግን ግልጽ ነው። የዚያ አገር ሰው በ2.99 እንኳን እምቢ ያለው ቡት ነው እኔ ዘንድ 3,200 ብር የገባው። ነጋዴ የመጓጓዣና የድካሙን መጨመሩን አልቃወምም፤ የማይወጣለት ቦንዳም አለው። የምቃወመው ስሙን ነው። የዚያ ቡት በጎ አድራጎት እዚያው ሱቅ ውስጥ አልቋል፤ እኛ ዘንድ የደረሰው ሸቀጥ ነው።

ወደ አዳራሹ ተመለስኩ። «በእርዳታ የመጣ ዕቃ አይመለስም» ተባልኩ። ደረሰኝ ስል ከደብተር የተቀደደች፣ ዋጋ ብቻ የተጻፈባት ቁራጭ ሰጡኝ፤ ስም የለ፣ ማኅተም የለ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የለ። የምዝገባ ወረቀታቸውን ለማየት ስጠይቅ ኃላፊው አዲስ አበባ ነው አሉኝ። ልብ በሉ፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 የተመዘገበ ድርጅት ለዓላማው ማስፈጸሚያ የሚሆን የገቢ ሥራ እንዲሠራ ይፈቅዳል። ስለዚህ ሐቀኛ የበጎ አድራጎት ባዛር የሚያፍርበት ወረቀት የለውም፤ የምስክር ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል፣ ደረሰኝም ይቆርጣል። የሕፃናት ፎቶግራፍ ግን ማንም ያሳትማል። (እነዚያ ልጆች የማን እንደሆኑ ሳስብ ከገንዘቡ ይልቅ ያናድደኛል።)

ከዋጋ ጋር በተያያዘ፣ እኔ ከእንግዲህ ባዛር የምገባው መጀመሪያ ሌላ ሁለት ቦታ ዞሬ ነው። አንድ አዲስ፣ አገር ውስጥ የተሠራ የቆዳ ጫማ በዚያው ሳምንት ስንት እንደሆነ እጠይቃለሁ፤ ቀጥሎ ሰልባጅ ተራ ተመሳሳዩ ስንት እንደሚጠራ አያለሁ። ያገለገለው ከአዲሱ ግማሽ ካለፈ አልነካውም። ማስጠገኛውን ደግሞ ዋጋው ላይ ደምሬ ነው የማስበው፤ በ900 ብር የገዛሁት ኮት ለገበርና ለቁልፍ 250 ብር ስላስወጣኝ ለእኔ የ1,150 ብር ኮት ነው። በዚህ ስሌት ነገሩ ባዛር ሳልገባ ያልቅ ነበር፤ በ3,200 ላይ ጥቂት ብጨምር አዲስ ጫማ ተጫምቼ እወጣ ነበር።

ከእኔ ሌላ የተጎዱም አሉ። ጎረቤቴ ከዚያው ቦታ «ቆዳ ነው» ተብሎ ጥቁር ጃኬት ገዝቶ ነበር፤ ሁለት ዝናብ እንደ መታው ትከሻው እንደ ድንች ልጣጭ ተላጠ። የውስጥ ምልክቱ ላይ ፖሊዩሪቴን ተብሎ ተጽፏል፤ የእኔ ቡት ዘመድ ማለት ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ከአሜሪካ የመጣ የጭማቂ መፍጫ ወስዳ ሰኩታ ስትከፍተው ጨሰ። ከሥሩ 120 ቮልት ይላል፤ የእኛ መብራት 220 ነው። የኤሌክትሪክ ዕቃ ስታነሱ ከሥሩ ያለውን ቁጥር ሳታነቡ አትክፈሉ።

ሻጮቹ አሁን አዳራሹን ለቅቀዋል። ወደ ፍኖተ ሰላም ወረዱ የሚልም፣ ባሕር ዳር ገቡ የሚልም ሰምቻለሁ። ባነራቸው አረንጓዴ ነው፤ ጫማው በር አጠገብ ባለው ረጅም ጠረጴዛ ላይ ይደረደራል። እዚያ ቡት ያያችሁ እንደሆነ ጥፍራችሁን አትርሱ።

የእኔ ቡት ላዩ ደህና ቆዳ ስለሆነ ጫማ ሰፊው በድፍን ጎማ ልለውጥልህ ብሎ 700 ብር ጠይቆኛል። ገና አልወሰንኩም። የአጎቴን በረባሶ ደግሞ ለገና ስወጣ እመልሰዋለሁ።