ኪስ የምትገባው ወይስ አንገት ላይ የምትንጠለጠለው? ሪኮ ጂአር 3 እና ፉጂፊልም ኤክስ100ቪአይ በአዲስ አበባ መንገድ

ባለፈው በዓል ከዋሽንግተን የመጣ ጓደኛዬ ክፍለ ሀገር ያሉ ቤተሰቦቹን ሊጠይቅ ሲሄድ ካሜራውን እኔ ጋ ተወልኝ። «እንዳትጥላት እንጂ እንደፈለግክ አንሳባት» አለኝ። ፉጂፊልም ኤክስ100ቪአይ ናት። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ይፋ ስትሆን ሰው ቀድሞ አዝዞ ወራት የጠበቃት። እኔ ደግሞ ሁለት ዓመት ከኪሴ ያልተለየች ሪኮ ጂአር 3 አለችኝ። አሥር ቀን ሙሉ አንዷን አንገቴ ላይ፣ ሌላዋን ኪሴ ውስጥ አድርጌ ከተማውን ዞርኩ።

አሥር ቀን ካሜራ ለማወቅ አይበቃም። የሪኮዋን ቁልፎች በጨለማም አገኛቸዋለሁ። የፉጂዋን ሜኑ ግን ገና እየዳበስኩ ነበር። ስለዚህ ስለ ፉጂ የምላችሁን የመጀመሪያ ስሜት ብላችሁ ያዙልኝ።

ቁጥሩን ቶሎ እንገላገለው። ሁለቱም ሌንሳቸው አይነቀልም፣ ዙም የላቸውም፣ ሴንሰራቸውም (ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው ክፍል) ያው ኤፒኤስሲ የሚባለው መጠን ነው። ሪኮ 24 ሜጋፒክስል፣ ፉጂ 40። ሪኮ ባትሪና ሚሞሪዋን ይዛ 257 ግራም ትመዝናለች፤ ፉጂ 521፣ እጥፍ ማለት ነው። የሪኮ ሌንስ በድሮው ፊልም ስሌት 28 ሚሊሜትር፣ የፉጂ 35፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሌንሱ ሰፋ አድርጎ ያያል። 40 ሜጋፒክስል መቼም ያጓጓል። ግን ፎቶአችሁ መጨረሻው ቴሌግራም ከሆነ ልዩነቱን ማንም አያይላችሁም። ጥቅሙ የሚታየው ፎቶውን ቆርጣችሁ ስታጠቡ ነው። ወደ 50 ሚሊሜትር ሲቆረጥ ፉጂ ላይ 20 ሜጋፒክስል ገደማ ይተርፋችኋል፣ ሪኮ ላይ 7 ብቻ።

ለመንገድ ፎቶ የሚወስነው ግን ይሄ ሁሉ አይደለም። ካሜራውን ስታወጡ ፊት ለፊታችሁ ያለው ሰው ምን ያደርጋል? እኔ ሁለቱን የለየሁት በዚህ ነው።

መርካቶ፣ በአንድ እጅ

ምን አለሽ ተራን የሚያውቅ ያውቀዋል። ቆርቆሮ ይቀጠቀጣል፣ በርሜል ይሰነጠቃል፣ ከኋላችሁ ፍራሽ የተሸከመ ሰው «ዞር በል!» እያለ ይመጣል። እዚያ መሃል ቆማችሁ ፎከስ የምታስተካክሉበት ጊዜ የለም። ሁለቱ እጃችሁም ሥራ ላይ ነው፤ አንዱ ሞባይላችሁን ይጠብቃል።

ሪኮ የተሠራችው ለዚህ ይመስለኛል። በቀኝ እጅ ብቻ ትከፈታለች፣ ትስተካከላለች፣ ታነሳለች። ተጭናችኋት ዝግጁ እስክትሆን አምራቹ 0.8 ሰከንድ ነው የሚለው። ዋናው ጥበቧ ግን «ስናፕ ፎከስ» የሚሉት ነገር ነው። ርቀቱን አስቀድማችሁ ትመርጣላችሁ፤ እኔ 2.5 ሜትር ላይ ነው የማደርጋት፣ ሦስት ሰፋፊ እርምጃ ማለት ነው። አፐርቸሩን፣ ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ፣ ኤፍ 8 ላይ ታስቀምጣላችሁ። ከዚያ ማንሻውን ግማሽ ላይ ሳትቆሙ አንዴ ጥርቅም አድርጋችሁ ስትጫኑት ካሜራዋ ፎከስ ልፈልግ አትልም፣ ወዲያው ታነሳለች። በዚህ አቀማመጥ ከ1.2 ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ ዓይን ማብቂያ ያለው ሁሉ ጥርት ይላል። ሰውየው ወደ እናንተ እየመጣም ይሁን እየሄደ አያሳስባችሁም።

ፉጂ ላይም በእጅ ፎከስ አድርጋችሁ ተመሳሳይ ነገር ማድረግ ይቻላል። ግን ሌንሷ ጠበብ ስለሚል በዚያው 2.5 ሜትርና ኤፍ 8 ጥርት የሚለው ከ1.5 እስከ 9 ሜትር ገደማ ያለው ነው። ብዙ ጊዜ ይበቃል። ርቀቱን ግን በደንብ መገመት አለባችሁ፣ 40 ሜጋፒክስል ደግሞ ትንሿን ስህተት አይደብቅም። ፉጂን ይዤ በገባሁበት ቀን አንድ በርሜል የሚሰነጥቅ ሰው አገኘሁ፤ መዶሻው ሲነሳ ቪውፋይንደሩን (አጮልቀው የሚያዩበትን መስኮት) ዓይኔ ላይ እስካደርስ መዶሻው ወርዷል። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እጄ አልለመደም። ሦስተኛው ላይ ደረስኩበት። ያኔ ግን ሰውየው አይቶኛል፣ ፊቱም ተቀይሯል።

«ቲክቶክ ላይ ልትለቀን ነው?»

እዚህ ላይ ሪኮዬን የሚያስቀይም ነገር ልናገር። የመንገድ ፎቶ የሚወዱ ሰዎች ሁልጊዜ ካሜራው ትንሽ ይሁን፣ አይታይ ይላሉ። ጃፓናዊው ፎቶ አንሺ ዳይዶ ሞሪያማ ቶኪዮ ውስጥ በጂአር ሲያነሳ ማንም ዞር ብሎ ላያየው ይችላል። አዲስ አበባ ላይ ግን አለመታየት ሁልጊዜ ጥቅም አይደለም።

ሜክሲኮ ታክሲ ሰልፍ አጠገብ ነው። ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ እየጮኸ፣ ከኋላው ፀሐይ እየገባች፣ ቆንጆ ነገር ነበር። ሪኮዋን ከሆዴ አካባቢ ይዤ ሁለቴ አነሳሁ። አንድ ወጣት መጣ። «ወንድሜ፣ ምንድነው የምታነሳው? እስቲ አሳየኝ።» አሳየሁት። «ቲክቶክ ላይ ልትለቀን ነው?» አይደለም፣ ፎቶ ስለምወድ ነው አልኩት። አላመነኝም። እውነቱን ለመናገር እኔም እሱን ብሆን አላምንም። መዳፍ ውስጥ የተሸጎጠች ጥቁር ነገር ይዞ ከሆዱ ሥር የሚያነሳ ሰው የሚደብቀው ያለ ይመስላል። ይቅርታ ጠይቄ ፎቶውን አጠፋሁለት።

በማግስቱ ሾላ ገበያ ፉጂን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ገባሁ። ጓደኛዬ የገዛው ብርማውን ነው፣ የድሮ የፊልም ካሜራ ነው የሚመስለው። ሽንኩርት ፊታቸው የዘረጉ አንድ አባት ከሩቅ አይተው «አንተ ልጅ፣ ይቺ እስካሁን ፊልም ትጎርሳለች?» አሉኝ። ሳቅን። አባባ አንድ ላንሳዎት ወይ ስላቸው ጃኬታቸውን ቆለፉ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ እንደ ጉርድ ፎቶ ደረቅ ብለው ቀጥ አሉ።

የፉጂ ጥቅምም ጉዳትም ይሄው ነው። ስትታዩ ትታመናላችሁ፤ የታመነ ሰው ግን ይደነቀርላችኋል። እኔ የደረስኩበት ዘዴ ሁለተኛው ፎቶ ነው። የመጀመሪያውን አንሱላቸው፣ አመስግኑ፣ ካሜራውን ዝቅ አድርጉ ግን አትሂዱ። አባባ ባርኔጣቸውን መልሰው ሲደፉ ጎረቤታቸው የሆነ ነገር ብላ ሳቀችባቸው፤ እሳቸውም ዞረው ሊመልሱላት ሲሉ አነሳሁ። ከአሥሩ ቀን ሁሉ የምወዳት ፎቶ እሷ ናት። በሪኮ ቢሆን እዚያ ጨዋታ ውስጥ አልገባም ነበር፤ አንስቼ አልፌ ነበር።

ሁለቱም ድምፃቸው እንደሌለ ቁጠሩት። ሹተራቸው (ለብርሃኑ ተከፍቶ የሚዘጋው ክፍል) ሌንሱ ውስጥ ስለሆነ ቲክ ብቻ ነው የሚሉት። በየትኛዋም ብትይዙ ግን ወደ ቤተ መንግሥት፣ ወታደር፣ ፖሊስና ፍተሻ አታዙሩ። ለማስረዳት የምታጠፉት ግማሽ ቀን ከካሜራው በላይ ያስከፍላል።

ነጠላና ጥቁር ፊት

እሑድ ጠዋት አራዳ ጊዮርጊስ በር ላይ ቁሙ። ቅዳሴ ሲያልቅ ሰው በነጭ ነጠላ ይወጣል፣ ፀሐዩ በጎን ይመታዋል። ለካሜራ ከዚህ የከፋ ፈተና የለም። ለፊት ካስተካከላችሁ ነጠላው ተቃጥሎ ወረቀት ይሆናል፤ ጥልፉም ጥበቡም ይጠፋል። ለነጠላው ካስተካከላችሁ ፊቱ ይጨልማል።

ሪኮ ላይ ደማቁን ክፍል ብቻ ለይቶ የሚጠብቅ የብርሃን አለካክ አለ። ነጠላውን ክር በክር ያተርፋል። የጨለመውን ፊት በኋላ ቤት ገብታችሁ ከጥሬው ፋይል፣ ካሜራዋ ሳታቀናብር ካስቀመጠችው፣ ማፍካት ነው፣ እሱም ያምራል። ግን ስክሪኗ ፀሐይ ላይ መስታወት ነው የምትሆነው፣ ያነሳሁትን ያየሁት ጥላ ፈልጌ ነው። ቪውፋይንደር የላትም።

ፉጂ እዚህ አሸነፈችኝ። ቪውፋይንደሯ ሁለት ነው፤ አንዱ በመስታወት ቀጥታ የሚያሳይ፣ ሌላው ኤሌክትሮኒክ። ኤሌክትሮኒኩን ስታደርጉ ፎቶው ከመነሳቱ በፊት ነጠላው ሲቃጠል ታያላችሁ፣ ከላይ ያለችውን መዘውር በአውራ ጣት ሁለት ነቁጥ ወደ ኋላ መመለስ ነው። ቀለሟ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። «ክላሲክ ክሮም» በሚባለው አነሳሁና የጠይሙ ፊት ቡናማነት ወደ ብርቱካን ሳይሄድ ቀረ። ምንም ሳልነካው ከካሜራው ወደ ስልኬ አሳለፍኩት። ለሪኮ ፎቶ ግን ማታ ማታ ኮምፒውተር ላይ መቀመጥ ግዴታዬ ነው። ጥቁርና ነጭ ብቻ የምታነሱ ከሆነ የሪኮዋ ንፅፅሩ የበረታው ጥቁርና ነጭ በቂያችሁ ነው፣ ይህንን አንቀጽ እርሱት።

ሲመሽም ፉጂ ትሻላለች። የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፤ የፉጂ ኤፍ 2 ከሪኮ ኤፍ 2.8 እጥፍ ብርሃን ያስገባል፣ የእጅ መንቀጥቀጥን የምትከላከልበት ዘዴም የበረታ ነው። በቆሎ እሸት የምትጠብስ ሴት በከሰሉ ብርሃን ብቻ አንስቼባታለሁ፣ ጥርት ብሎ ወጣ። ፍላሽም አላት። ጂአር 3 ላይ ፍላሹ ወጥቷል፤ ከሷ በፊት የነበረችው ጂአር 2 ግን ነበራት።

መብራት ሲሄድ፣ ዝናብ ሲመጣ

ባትሪ የሪኮ ድክመት ነው። አምራቹ ራሱ 200 ፎቶ ገደማ ነው የሚላት። ፉጂ በመስታወቱ ቪውፋይንደር 450 ገደማ ትደርሳለች። ሪኮ የሚገዛ ሰው ሁለት ተጨማሪ ባትሪ አብሮ ያስብ። ሁለቱም በታይፕ ሲ ገመድ፣ በፓወር ባንክም ይሞላሉ፣ ስለዚህ መብራት ቢጠፋ ብዙም አይጎዳችሁም።

ሐምሌ ላይ ሁለቱንም ከዝናብ ጠብቁ። ፉጂ የዝናብ መከላከያዋ የሚሟላው ፊቷ ላይ ቀለበትና ፊልተር ስታስሩባት ነው፣ እሱም ለብቻው የሚገዛ ነው። ሪኮ መከላከያ የላትም። ስትከፈት ሌንሷ ወደ ውጭ ስለሚወጣ አቧራም የሚገባበት ቀዳዳ አያጣም። የእኔ ኪስ ውስጥ ቁልፍ፣ ሳንቲምና የኦቾሎኒ ገለባ ስለማይጠፋ በትንሽ የጨርቅ ከረጢት ነው የምይዛት።

ብሩ

ጂአር 3 እ.ኤ.አ. በ2019 ስትወጣ 899 ዶላር ነበረች፣ ኤክስ100ቪአይ ደግሞ በ2024 ስትወጣ 1,599። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ በብር ብጽፈው እናንተ ስታነቡት ሌላ ስለሚሆን ትቼዋለሁ። እኔ የማውቃቸው አብዛኞቹ በሚመጣ ሰው ነው የሚያስመጡት። ሪኮ በ2025 ጂአር 4ን ስላወጣ ጂአር 3ን ያገለገለ ማግኘት ይቀላል። 28 ሚሊሜትር ሰፊ ከሆነባችሁ ደግሞ 40 ሚሊሜትር የሆነች ጂአር 3ኤክስ የምትባል እህት አለቻት።

ያገለገለ ስትገዙ፣ የትኛዋም ትሁን፣ ኤፍ 16 ላይ አድርጋችሁ ነጭ ግድግዳ ወይም ጥርት ያለ ሰማይ አንሱ። ፎቶውን አጉልታችሁ ጥግ ጥጉን እዩ። ጥቁር ነጠብጣብ ካለ አቧራ ሴንሰሩ ላይ ደርሷል። ሌንሱ ስለማይነቀል በቤታችሁ አትጠርጉትም፤ ካሜራው መፈታት አለበት። ሻጩ «ይጠፋል» ቢላችሁ አጥፍቶ ያምጣው በሉት።

ታዲያ የቱን? የሰው ብዛት ውስጥ ገብታችሁ፣ ቀርባችሁ፣ ቶሎ አንስታችሁ የምትወጡ ከሆነ ሪኮ። ካሜራ ሁልጊዜ ቤት ረስታችሁ የምትወጡ ከሆነም ሪኮ፤ ኪስ ውስጥ ያለ ካሜራ አይረሳም። ከሰው ጋር መጫወት የምትወዱ፣ ቤተሰብም ሠርግም ጉዞም በአንድ ካሜራ ማንሳት የምትፈልጉ፣ ኮምፒውተር ላይ መቀመጥ የምትጠሉ ከሆነ ፉጂ። ካሜራ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ሰውም ፉጂን ነው የምመክረው፤ መዘውሮቿ የሹተርን፣ የአፐርቸርንና የአይኤስኦን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ነገር በዓይን እያሳዩ ያስተምራሉ። ቪዲዮ ካሰባችሁ ሪኮን እርሷት።

እኔ? ሪኮዬን አልሸጥኩም። ጓደኛዬ ሲመለስ ፉጂዋን ጠርጌ አስረከብኩት። ካሜራዋን ከማስረከቤ በፊት ግን የአባባን ሁለቱንም ፎቶ ፎቶ ቤት አሳጥቤ ሾላ ወሰድኩላቸው። የሳቁበትን አንዴ አይተው ለጎረቤታቸው ሰጧት። ደረቅ ብለው የቆሙበትን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩና «ይቺ ናት ፎቶ» አሉኝ።